ጅማ ላይ የሚሸጠው የኮሮና ዕቃ፦ የቱ ይገዛል፣ የቱ ይቀራል

ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሂርማታ መርካቶ ባሉ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የገባው የኮሮና ዕቃ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ገዢው ግን ተለውጧል። ያኔ ሁሉም በድንጋጤ ይሸምት ነበር፤ አሁን የሚጠይቁት ሆስፒታል የሚያስታምሙ፣ አስም ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ቤታቸው በዕድሜ የገፋ ወላጅ ያለ ሰዎች ናቸው። እዚህ የምንመዝነው ማስክን፣ ሳኒታይዘርን፣ በረኪናን፣ የግንባር ቴርሞሜትርን፣ ፈጣን መመርመሪያንና የኦክስጅን መለኪያን ነው። ዋጋ አንጽፍም፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ነገ ያሳስታል።

ፍርዳችን ከወዲሁ ይታወቅ፦ መደርደሪያው የተደረደረው ለእጅና ለጠረጴዛ ነው፣ ቫይረሱ ግን በአየር ነው የሚሄደው። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። በቻይና ዉሃን ከተማ መንስኤው ያልታወቀ የሳንባ ምች መታየቱ ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገረው ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ድርጅቱ ጥር 21 ቀን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብሎ አወጀው፤ መጋቢት 2 ቀን ደግሞ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ገለጸ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መሆኑ ተረጋገጠ። በነዚያ ሳምንታት ምክሩ ሁሉ እጅ ታጠቡ፣ ራቅ በሉ፣ የሚነካውን አጽዱ ነበር፤ ነጋዴውም የሰማውን ያህል ጭኖ አመጣ። ታማሚው ሲተነፍስና ሲያወራ የሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች በተዘጋና አየር በማይንሸራሸርበት ክፍል ውስጥ ተንሳፍፈው ቆይተው ሌላውን እንደሚይዙ ድርጅቱ በማያሻማ ቃል የጻፈው በ2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ ነጋዴው ዕቃውን ገዝቶ ጨርሶ ነበር። ዓለም አቀፉ የጤና ስጋት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱ ተነገረ፤ ቫይረሱ ግን በየጊዜው መልኩን እየቀየረ አብሮን አለ።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ማስክ ላይ ይዋል። ከማስክም ሰማያዊው የሕክምና ማስክ፣ ባለ 50 ፓኮው። ደህናው ማስክ ሦስት ሽፋን አለው፦ ውጭው ውኃ የማያሳልፍ፣ ውስጡ ለስላሳና ላብ የሚቀበል፣ መሀሉ ደግሞ እንደ ስስ ወረቀት የሆነ ነጭ። ሥራውን የሚሠራው መሀለኛው ነው። በጣም ከቀጠነ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ሲሆን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስላለው ከቀዳዳው ያነሰውን ብናኝ ሳይቀር ስቦ ይይዛል። ርካሽ ፓኮ ውስጥ የሚጎድለውም እሱ ነው፤ ሁለቱ የውጭ ሽፋኖች ብቻ ተሰፍተው ይሸጣሉ፣ ወይም መሀል ላይ እንደ ውጭው ያለ ተራ ጨርቅ ይገባል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ከፓኮው አንዱን አውጥታችሁ ጠርዙን በመቀስ ቁረጡና ሽፋኖቹን ለያዩ። መሀለኛውን ወደ ብርሃን አንሱት፤ ደህናው ጥቅጥቅ ብሎ ወጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ መጥፎው ወንፊት ይመስላል። ትንንሽ የወረቀት ቁራጮች ላይ ስታስጠጉት መሳብ አለበት፤ ይህ ግን በበጋ ነው፣ ጅማ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ደህናውም ላይስብ ይችላል። ውጭው ሽፋን ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ፤ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ጥሩ፣ ከሰረገ አትግዙ። ማስክ አድርጎ ክብሪት የማጥፋት ፈተና ብዙ ሰው ያምንበታል፤ እሱ የሚለካው የትንፋሽ ግፊት ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው፣ ቫይረስ ስለመያዙ አይናገርም። ፓኮው ላይ ኢኤን14683 የሚል የአውሮፓ ደረጃና ከአጠገቡ ታይፕ 1፣ ታይፕ 2 ወይም ታይፕ 2አር የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ታይፕ 1 ባክቴሪያ ካዘሉ ጠብታዎች ቢያንስ 95 በመቶውን፣ ታይፕ 2 ቢያንስ 98 በመቶውን ማጣራት አለበት፤ አር የተጨመረበት ደም ወይም ምራቅ ሲረጭም ይችላል። ለአስታማሚ ታይፕ 2 ይበቃል።

የምርት ቀኑንም እዩ። ከ2012 እና 2013 ግዢ የተረፈ ፓኮ ዛሬም ከመጋዘን ይወጣል። ላስቲኩን ሳብ ስታደርጉት የሚበጠስ ወይም ረዝሞ የሚቀር ከሆነ ዕቃው አርጅቷል። በየመንገዱ ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረውን በነጠላ የተሸጠ ማስክ ግን ምንም ቢረክስ አንመክርም፤ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም፣ ታጥቦና ተተኩሶ የተመለሰም ይኖርበታል። እጥፋቱ የላላ፣ የአፍንጫው ሽቦ የተጣመመ ከሆነ አንዴ ተደርጓል ማለት ነው። ማጠብ የመሀለኛውን ሽፋን ስታቲክ ያጠፋዋል፤ አልኮል መርጨትም እንዲሁ። ከስፖንጅ የተሠራው ጥቁሩ ማስክ ደግሞ ለፎቶ ካልሆነ በቀር ምንም አይሠራም።

ጥሩ ማስክ በመጥፎ አደራረግ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። ችግሩ ጉንጭ ላይ የሚቀረው ክፍተት ነው፤ አየር በቀለለው መንገድ ይሄዳል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ማስኩን ለሁለት አጥፋችሁ እያንዳንዱን ላስቲክ ከማስኩ ጥግ ጋር ተጠግታችሁ ቋጩት፣ የተረፈውን የጎን ጨርቅ ወደ ውስጥ ክተቱ፣ ከዚያ ሽቦውን በሁለት ጣት አፍንጫ ላይ ጫን አድርጉ። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የሰው ሠራሽ ሳል ሙከራ ተራው የሕክምና ማስክ ከሳሉ ብናኝ 56 በመቶ ያህሉን ሲያስቀር፣ ተቋጥሮ የተከተተው 77 በመቶውን፣ ላዩ ላይ የጨርቅ ማስክ የተደረበበት ደግሞ 85 በመቶ ያህሉን አስቀርቷል። ጢም ያለው ሰው ይህን ውጤት አይጠብቅ።

ኬኤን95 የሚባለው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል፣ አፍ ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚቆም ማስክ ትክክለኛው ሲገኝ ከሰማያዊው ይበልጣል። ማስኩ ራሱ ላይ ጂቢ2626-2019 የሚል የቻይና ደረጃ ጽሑፍ መኖር አለበት፤ ጂቢ2626-2006 ካለ በአሮጌው ደረጃ የተመረተ ነው። ኤን95 ተብሎ የጆሮ ላስቲክ ካለው ግን እንዳታምኑት፤ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ የሚያጸድቀው ኤን95 በሁለት ላስቲክ ከጭንቅላት ኋላ ይታሰራል፣ ቲሲ-84ኤ የሚል ቁጥርም ይጻፍበታል። ናዮሽ ለልጆች የሚያጸድቀው ማስክ ስለሌለ «ለሕፃናት ኤን95» የሚል ፓኮ ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ቫልቭ ያለው ደግሞ የሚጠብቀው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ሳይጣራ ይወጣል። ታማሚ ዘንድ ይዞት መግባት ነውር ነው።

ማስክ ካነሳን አይቀር፣ ሱቅ የማይሸጠው ከሁሉ የተሻለ ዕቃ መስኮት ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ሦስት ሰው «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል፤ ኮሮና ግን የሚመቸው ያ ዝግ ሚኒባስ ነው። በዚህ በኩል በጎኑ ክፍት የሆነው ባጃጅ ይሻላል፣ ዝናብ መጥቶ ሸራው እስኪወርድ ድረስ። ታማሚ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙ አይረዳም፤ ከፊት ለፊቱ ያለው በር ወይም ሌላ መስኮት አብሮ ሲከፈት ነው አየሩ የሚያልፈው።

ሳኒታይዘር ላይ የምናየው ችግር የአልኮሉ መጠን ነው። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ቫይረሱን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም፤ ሽታው ኃይለኛ መሆኑ ምንም አያሳይም። አረቄ እጅ ላይ ማሸትም በዚሁ ምክንያት አይሠራም። ንጹሕ 96 በመቶ አልኮልም እንዳለ አይመረጥም፤ የቫይረሱን ፕሮቲን ለመስበር ውኃ ያስፈልጋል፣ ያለ ውኃ አልኮሉ ቶሎ ተኖ ያልቃል። ጠርሙሱ ላይ የአልኮሉ ዓይነትና መቶኛ፣ የምርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና የአምራቹ አድራሻ ከሌለ ተዉት። ሜታኖል የተቀላቀለበት ደግሞ መርዝ ነው፤ ሕፃን ቢጠጣው ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠውን አትንኩ፦ ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ ክዳኑ ስለማይጠብቅ አልኮሉ እየተነነ ይቀንሳል፣ ከሁሉም በላይ ውኃ ይመስላል።

ለትምህርት ቤት ወይም ለድርጅት በብዛት የሚያስፈልገው ካለ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በመድኃኒት ባለሙያ እጅ ቢዘጋጅ ይሻላል። ለ10 ሊትር፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውኃ 10 ሊትር እስኪሞላ። ፐሮክሳይዱ እጅ ለማጽዳት አይደለም፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚቀር የባክቴሪያ ዘር እንዲጠፋ ነው፤ ለዚህም ሲባል ከተሞላ በኋላ 72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግሊሰሪኑ ላይ ነው። ወፍራም ስለሆነ መለኪያው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከሚጨመረው ውኃ ትንሽ ወስዳችሁ መለኪያውን አለቅልቁና አብራችሁ ጨምሩ። ከበዛ እጅ ይጣበቃል፣ አቧራም ይስባል፤ ከጎደለ ቆዳ ይሰነጠቃል። አልኮሉ እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማዘጋጀትም ማሸትም አይገባም፤ ቡና የምታፈላ ሴት እጇን አሽታ ሳይደርቅ ከሰል ማራገብ የለባትም።

ለቤት የምንመክረው ግን ሌላ ነው። መድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠው ተራ 70 በመቶ አልኮል ከብዙ ባለ ሽቶ ጄል ይበልጣል፤ ሁለቱም እጅ ሙሉ እንዲርስ አድርጋችሁ ጣት ለጣት፣ አውራ ጣትና ጥፍር ሳይቀር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ነው። እጁ ጭቃ ወይም ዘይት ከነካው አልኮል ከንቱ ነው። ሳሙናና ውኃ ይበልጠዋል፣ ይረክሳልም። በ2012 በየሱቁ በር ላይ የተተከለው በእግር የሚረገጥ ጀሪካን ከመጡት ሁሉ ብልሁ ነገር ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ተነቅሎ ዕቃ ማስቀመጫ መሆኑ ያሳዝናል።

በረኪና ላይ አጭር እንሁን። ቫይረሱ ያረፈበት ነገር አንዴ ተነክቶ በሽታ የማስያዝ ዕድሉ ባጠቃላይ ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ ያው የአሜሪካ ማዕከል በ2013 ጽፏል፤ ስለዚህ በየቀኑ ግድግዳ ማጠብ ድካም ነው። ታማሚ ላለበት ቤት የበር እጀታ፣ ሽንት ቤትና ጠረጴዛ ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ማለት ነው፤ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ በሲሪንጅ ይለካል። ደምና ትውከት ላይ ሲሆን አንድ እጅ በ9 ይሆናል። መጀመሪያ በሳሙና ካልታጠበ እድፉ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። በቀዝቃዛ ውኃ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተገናኘ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ ኮሮናን ሸሽቶ በዚህ መታመም ሞኝነት ነው። ሰው ላይ መርጨትማ የዓለም ጤና ድርጅትም የከለከለው ነገር ነው። ጓንትም ለገበያ አትግዙ፤ ያልታጠበ እጅ ማለት ነው፣ እያደር የሚቆሽሽ።

የግንባር ቴርሞሜትር የመደርደሪያው ደካማ ዕቃ ነው። በበር ላይ ሰው ለማሳለፍ ሲያገለግል ብዙ ምልክት የሌለውን ታማሚ «አለፍክ» ይለዋል። ቤት ውስጥ ትኩሳት ለመከታተል ከሆነ ግን ይጠቅማል፣ በትክክል ከተያዘ። ሁለት አሠራር አለው፤ አንዱ ለሰው፣ ሌላው ለዕቃ። የሁሉም ሰው ሙቀት 33 እና 34 የሚያሳይ ከሆነ ለዕቃው ተደርጎ ነው። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መመሪያውን እዩ። ከፀሐይ ወይም ከዝናብ የገባ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ላቡ ይጠረግ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ የሸፈነው ግንባር ላይ አይለካ። ከዚያ ሁሉ ጣጣ የብብት ዲጂታል ቴርሞሜትር ይሻላል።

ፈጣን መመርመሪያው ላይ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንቲጂን ነው ወይስ አንቲቦዲ? ሣጥኑ ላይ አይጂኤም እና አይጂጂ የሚል ካለ አንቲቦዲ ነው፣ የሚመረምረውም ደም ነው፤ የሚያሳየውም ሰውነት ከዚህ በፊት ቫይረሱን ወይም ክትባቱን ማወቁን እንጂ ዛሬ መታመሙን አይደለም። የሚፈለገው ከአፍንጫ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ የቫይረሱን አካል የሚያገኘው አንቲጂን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መስፈርት ከላቦራቶሪው ምርመራ ከፒሲአር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ 80 በመቶ ታማሚውን ማግኘት፣ ጤነኛውን ደግሞ ቢያንስ 97 በመቶ በትክክል ማለፍ ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ቢሆንም ምልክት ላለበት ሰው ነጻ ነህ ማለት አይደለም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም።

አብዛኛው ዓይነት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የጊቤን በረሃ ቀን ያለፈ ካርቶን ይህን እንደጠበቀ ማመን ይከብዳል፤ ሻጩ በምን እንደመጣ ካልነገራችሁ ተዉት። ከረጢቱ የሚቀደደው ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ የጅማ የክረምት እርጥበት ወረቀቱን ቶሎ ያበላሸዋል። ውስጡ ያለው ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከሌለ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ጣሉት። ናሙና መውሰጃውን እንጨት እያንዳንዱ አፍንጫ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ግድግዳውን እየነካ አምስት ጊዜ አዙሩት፤ ጫፉን ብቻ ነክቶ ማውጣት የተለመደ ስሕተት ነው። መመሪያው ካዘዘው ጠብታ አትጨምሩ። ብዙዎቹ በ15 ደቂቃ ይነበባሉ፤ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለ መስመር አይቆጠርም። በሰዓቱ የመጣ መስመር ግን ምንም ቢደበዝዝ «አለ» ማለት ነው። መቆጣጠሪያው «ሲ» ላይ መስመር ካልመጣ ዕቃው አልሠራም።

የኦክስጅን መለኪያው፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው፣ ከማስክ ቀጥሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ኮሮና አንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ሳያጥረው ኦክስጅኑን ያወርድበታል፤ ይህን ቀድሞ የሚያሳይ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር የለም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 660 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይና 940 የሆነ የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ብርሃኑን የሚመጡት በተለያየ መጠን ስለሆነ ከልዩነቱ መቶኛውን ያሰላል። ብርሃኑን የሚያውከው ነገር ሁሉ ቁጥሩን ያውከዋል። ጥፍር ቀለም ይለቅ፤ ጥቁር ሂና ምልክቱን ሊዘጋው ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ይመረጥ፤ ቀዩ ሂና ያን ያህል አያስቸግርም። እጅ ከቀዘቀዘ ይሟሟቅ። በመስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ ይከለል። ጣቱ ሳይንቀሳቀስ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር አይያዝ።

ሁለት ነገር ሻጩ አይነግራችሁም። አንደኛ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው። በ2013 ዓ.ም. በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካሳያቸው ታማሚዎች መካከል ደማቸው ሲመረመር ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ጭስ ያሳስተዋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር ሲጣበቅ መሣሪያው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አጠገብ የዋለ ሰው ራሱን እየሳተ 97 ሊያሳይ ይችላል። ታማሚውን ከከሰሉ አርቁት፣ በሩን ክፈቱ፣ ራስ ምታትና ማዞር ካለው ቁጥሩን ሳትጠብቁ ውሰዱት።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ 95 ወይም 96 ማየት አያስደነግጥም፤ መሣሪያውም ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው በሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ እንደገዛችሁ የቤተሰቡን ሁሉ በጤናቸው ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ። ሰው ሲታመም የሚነጻጸረው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይለካ። ከጤናው ቁጥር በሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ ወይም 94 እና በታች ከሆነ ለሐኪም ይነገር። ከ90 በታች ሲሆን በሽታው ከባድ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ቃል መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረ ሰውየውን እንጂ መሣሪያውን አትመኑ።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ባትሪ አስገቡና ሞክሩት፤ አብዛኛው ሁለት ትንንሽ ባትሪ ይፈልጋል። እርሳስ አስገብታችሁ ቁጥር ካሳየ መልሱለት። ከዚያ ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በሌላው እጅ የልብ ምታችሁን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ፤ መሣሪያው ከሚያሳየው ምት ጋር በጣም ከተራራቀ የኦክስጅኑንም ቁጥር ማመን አይቻልም። የልብ ምቱን ማዕበል በመስመር የሚያሳየው ዓይነት ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ምልክቱ ደካማ ሲሆን በዓይን ስለሚታይ ልዩነቱን መክፈል ይሻላል። ለወራት ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪውን አውጡለት።